የሠፈራችን አዳራሽ የባትሪ መጋዘን አይሆንም!

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፦

ይህ ጽሑፍ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጥበትን ጉዳይ የሚመለከት ነው። ቆሞ ለማንበብ ረዘም ቢልም እስከ መጨረሻው እንድታነቡት፣ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም እንድታነቡላቸው እናሳስባለን።

ሁላችሁም እንደሰማችሁት አንድ ነጋዴ የአዳራሻችንን የኋላ ክፍል ተከራይተው የሶላርና የኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪዎችን ሊያከማቹበት፣ ማታ ማታም ቻርጅ ሊያደርጉበት ጠይቀዋል። ኪራዩ ደህና ነው፤ የሦስት ወር መዋጮአችንን ይሸፍናል። ስለዚህም አንዳንድ አባላት «ገንዘብ ደጃችን ድረስ መጥቶ እንዴት ይመለሳል?» እያሉ ነው። እኛ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚዎች ግን አይሆንም እንላለን። የምንለውም በነጋዴው ላይ ቂም ይዘን አይደለም። ሰውየው ሠርቶ አደር ናቸው፤ ንግዳቸውም ለከተማችን የሚጠቅም ነው። የምንቃወመው ቦታውን ነው።

አዳራሹ የት እንዳለ አንርሳ። በአንድ ወገን ግድግዳው ከመደዳ ሱቆቹ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ቆርቆሮውም ኮርኒሱም አንድ ላይ ነው የሚሄደው። በሌላ ወገን የሕፃናት መዋያ አለ። በውስጡ የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ዕቃ ሁሉ ተከማችቷል። በሩ አንድ ነው። መንገዱ ደግሞ ሁለት ባጃጅ ሲገናኙ አንዱ ወደ ኋላ የሚመለስበት ነው። እንግዲህ የእሳት አደጋ መኪና በየት ይግባ?

«ባትሪ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። ድሮ የምናውቀው የመኪና ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ነው። እሱም ቢሆን ቻርጅ ሲደረግ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሌለበት ክፍል አይቀመጥም። አሁን የመጣው ሊቲየም ባትሪ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አንድ ትልቅ ባትሪ ማለት ሴል የሚባሉ ትንንሽ ባትሪዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ነው። አንዱ ሴል ሲጎዳ፣ ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ውሃ ሲገባው ወይም ከፋብሪካው ጉድለት ይዞ ሲመጣ በውስጡ ይጋጋልና ሙቀቱ ከቁጥጥር ውጭ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚነድና የሚመርዝ ጋዝ ይተፋል፤ ጎረቤቱን ሴል ያግላል፤ ያም በተራው እንዲሁ ይሆናል። ከሴል ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ ቤት ይሄዳል። ልክ እንደ ተጠጋጉ የሣር ጎጆዎች ነው፤ አንዱ ከተያያዘ ቀሪው ተራውን ነው የሚጠብቀው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ባትሪ ይቃጠላል ወይስ አይቃጠልም?» አይደለም። አብዛኛው ባትሪ ሳይቃጠል ዕድሜውን ይጨርሳል። ጥያቄው «አንዱ የተቃጠለ ቀን ሌላው ይድናል ወይ?» ነው። ይህ ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል።

«ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው» ለሚሉን የራሳችንን ምሳሌ እናቅርብ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን በለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ ጭስ ወጣበት። በውስጡ ሰው አልነበረም፤ ኤሌክትሪኩም ጠፍቶ ነበር። የእንግሊዝ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች ጉዳዩን አጥንተው በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ የመጨረሻ ሪፖርታቸውን አወጡ። የእሳቱ መነሻ አደጋ ሲደርስ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ የሚያመለክተው መሣሪያ ባትሪ ነበር። ይህ ባትሪ በእጅ የሚያዝ፣ አምስት ሴል ብቻ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው። በክዳኑ ሥር ተጣብቀው የተያዙ ሽቦዎች ተነካክተው ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ አንዱ ሴል ጋለ፣ ከሱም ወደ ሌሎቹ ተላለፈ። በሴሎቹ መካከል ይህን የሚያግድ ነገር አልነበረም። ከዚያ እሳቱ ወደ አውሮፕላኑ ጣሪያ አልፎ በኮርኒሱ ውስጥ ቀስ እያለ ተስፋፋ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጀመሪያ በእጅ በሚያዘው ማጥፊያ ሞከሩ፤ አልበቃም። ኮርኒሱን ነቅለው በውሃ ነው ያጠፉት። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ወገኖች! አምስት ሴል ያንን ካደረገ፣ በዚያ በሠለጠነ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የእሳት አደጋ መኪናው ሜዳው ላይ ተዘጋጅቶ በቆመበት፣ እኛ ኮርኒሳችን ከአሥር ሱቅ ጋር በተያያዘበት ቤት ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሴል አስገብተን በሩን ቆልፈን ልንተኛ ነው? ዛሬ አየር መንገዶች እንኳ ከመጋቢት 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለብቻው የተላከ ሊቲየም አዮን ባትሪን በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነት አይቀበሉም። በጭነት አውሮፕላን ሲጫንም ከ30 በመቶ በላይ እንዳይሞላ ሕግ ወጥቶለታል። ሰማይ ላይ የተፈራ ነገር ከሕፃናት መዋያ አጠገብ እንዴት አይፈራም?

አሁን ደግሞ በትልልቆቹ የባትሪ ጣቢያዎች የሆነውን እንይ። እነዚህ ለአንድ ከተማ የሚበቃ ኃይል የሚያጠራቅሙ ናቸው። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ አንድ ትልቅ የባትሪ ጣቢያ ተቃጠለ። በጣቢያው 212 ኮንቴይነር የሚያህሉ ባትሪዎች ሜዳ ላይ ተራርቀው ተተክለው ነበር። በአንዱ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ አፍስሶ ተቀጣጠለ፤ ነፋስ ገፍቶት አንድ ጎረቤቱን ያዘ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የተቃጠሉትን ትተው ዙሪያቸውን በውሃ እያቀዘቀዙ ጠበቁ። ቀናት ፈጀ፤ ግን የተቃጠሉት ሁለት ብቻ ናቸው። 210ሩ ተረፉ።

በአንጻሩ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ የተነሣውን እዩ። እዚያ ባትሪዎቹ የተደረደሩት በአንድ አሮጌ የኃይል ማመንጫ ሕንጻ ውስጥ ነበር። ሕንጻው ውስጥ ከነበሩት ከግማሽ በላይ ነደዱ፤ ከሺህ በላይ ሰው ቤቱን ለቅቆ ወጣ፤ አውራ ጎዳና ተዘጋ። ከአንድ ወር በኋላም የካቲት 11 ቀን እንደገና ተቀጣጠለ። ልዩነቱ ምንድነው? በአንዱ ቦታ ባትሪው ሜዳ ላይ ተራርቆ ነበር፤ በሌላው በአንድ ጣሪያ ሥር ታጭቆ ነበር። ትምህርቱ ይኸው ነው! እኛ የተጠየቅነው የትኛውን እንደሆነ ለናንተ መንገር አያሻም።

እንግዲህ ወደ ክርክሮቹ እንመለስ።

አንደኛ፣ «ማጥፊያ ሲሊንደር እንሰቅላለን» ይባላል። ማጥፊያ ለወረቀትና ለመጋረጃ ጥሩ ነው፤ ይሰቀል። ሊቲየም ባትሪ ግን ከውስጡ ነው የሚጋለው። ላዩ ነበልባሉ ቢጠፋም ውስጡ ካልቀዘቀዘ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይነሣል። በብዙ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው መድኃኒቱ። ሚያዝያ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ አሪዞና በአንድ የባትሪ ቤት ማጥፊያው በራሱ ተለቅቆ ነበር። ሴሎቹ ግን እየተቀባበሉ ጋዝ መትፋታቸውን አላቆሙም። ጋዙ በተዘጋው ቤት ውስጥ ተጠራቀመ፤ ከሰዓታት በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሩን ሲከፍቱት ፈነዳ። አራቱ ክፉኛ ቆሰሉ። እነሱ የሠለጠኑ ናቸው፤ ልብስና መሣሪያም ነበራቸው። የኛ ዘበኛ ጋቢና ዱላ ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ «ባትሪው ራሱን የሚቆጣጠር ኮምፒዩተር አለው» ይባላል። አለው፤ ጥሩም ነው። ከመጠን በላይ እንዳይሞላ ያግዳል። ነገር ግን ከባጃጅ ላይ ወድቆ የተጨፈለቀውን፣ ክረምት ውሃ የገባበትን፣ አሮጌ ሴል ተቀጣጥሎ በየጋራዡ የተገጣጠመውን ሊፈውሰው አይችልም። ከሁሉም በላይ፣ አንዴ ሴሉ ከተቀጣጠለ በኋላ ኮምፒዩተሩ እሳት አያጠፋም።

ሦስተኛ፣ «የኔ ዓይነት ብረትና ፎስፌት ያለበት ነው፣ አይቃጠልም» የሚል ሻጭ አለ። ይኸኛው ዓይነት ከሌላው ይልቅ ሙቀት የሚችል መሆኑ እውነት ነው። አይቃጠልም ማለት ግን ውሸት ነው። እሱም ሲጎዳ የሚነድ ጋዝ ይተፋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጋዙ ብቻውን በቂ ጥፋት ነው።

አራተኛ፣ «እናንተ ልማት ትጠላላችሁ» የሚለው ነው። ኧረ ይህስ አያስኬድም! ለዓባይ ግድብ ከሌለን ላይ ቦንድ የገዛነው እኛው ነን፤ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም በደስታ እልል ያልነው እኛው ነን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉንም እናውቃለን። የኤሌክትሪክ መኪናና ባጃጅ በሆሳዕናም፣ በዱራሜም፣ በሾኔም፣ በሺንሺቾም እየበዛ መሄዱ አይቀርም። መብራት ሲጠፋ የክሊኒኩን ፍሪጅ የሚያቆየው ባትሪ ነው፤ ኔትወርካችንን የሚያቆየውም የማማው ባትሪ ነው። ባትሪ ይምጣ! የሚመጣው ግን ተገቢ ቦታ ተይዞለት ነው። ቦታ ሳይያዝለት የመጣ ልማት አንድ ሌሊት ተነሥቶ የሠራነውን ይበላል።

አምስተኛ፣ «ቢቃጠል የነጋዴው ንብረት ነው፣ እኛ ምን አገባን?» የሚለው ከሁሉ የከፋ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ሁላችንም አይተናል። ያንን ባትሪ አነሣው አንልም። የምንለው፣ ሱቅ ከሱቅ ተጣብቆ፣ መንገዱ ጠብቦ፣ የአንዱ እሳት የብዙ ሰው እንጀራ ማጥፋቱን ነው። እሳት ውል አያነብም፤ የተከራይንና የአከራይን ግድግዳ አይለይም።

እኛ በሐዲያም በከምባታም አባቶቻችን «ሴራ» የሚሉት የጋራ ሕግ ያለን ሕዝቦች ነን። በአማርኛው እንደሚባለው ሴራ አይደለም፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚደነግግ ነው። አንድ ሰው ለራሱ ጥቅም የሠፈሩን ደኅንነት አደጋ ላይ ቢጥል ዝም አይባልም። አዲሱ ዕቃ ከውጭ ስለመጣ ከዚህ ሕግ ነፃ አይሆንም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1. የማኅበሩ አዳራሽ ለባትሪ ማከማቻና ለቻርጅ እንዳይከራይ፤ ይህም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር።

2. ነጋዴው ከመኖሪያ፣ ከትምህርት ቤትና ከገበያ ራቅ ያለ፣ የእሳት አደጋ መኪና ዙሪያውን የሚደርስበት ክፍት ቦታ እንዲሰጣቸው ማኅበሩ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር እንዲነጋገር። የሰውየው ሥራ እንዲቆም ሳይሆን እንዲሠራ ነው የምንፈልገው።

3. በዚያም ቦታ ቢሆን ባትሪዎቹ በአንድ ክምር እንዳይቀመጡ። በትንሽ በትንሹ ተከፋፍለው፣ በመካከላቸው ክፍተት ወይም የብሎኬት ግድግዳ ይኑር። በአሜሪካ የሚሠራበት ደንብ በሙከራ ካልተረጋገጠ በቀር እያንዳንዱ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ክፍል ከሌላው 90 ሳንቲሜትር ያህል እንዲርቅ ያዛል። ሴንቲሜትሩን ባለሙያ ይወስነው፤ መራራቁ ግን አይቀርም።

4. አየር የሚወጣበት መስኮት ከላይ ይኑር። ያበጠ፣ የተጨፈለቀ ወይም ውሃ የገባው ባትሪ ቻርጅ ሳይደረግ ለብቻው ከቤት ውጭ ይቀመጥ።

5. ትልቅ ባትሪ የሚገዛ ሆቴል፣ ክሊኒክ ወይም ነጋዴ ሻጩን የሙከራ ወረቀት ይጠይቅ። አንዱን ሴል ሆን ብለው አቃጥለው ወደ ሌላው መተላለፍ አለመተላለፉን የሚያዩበት ዩ ኤል 9540 ኤ የሚባል ሙከራ አለ። «አይተላለፍም» የሚል ሻጭ ወረቀቱን ያሳየን።

6. በየቤታችንም የባጃጅና የሞተር ባትሪ በበር አጠገብ፣ በአልጋ ሥር ወይም በመውጫ ኮሪደር ቻርጅ አይደረግ፤ ሰው ተኝቶም አይተው።

7. ከባትሪ ክፍል ጭስ ወይም እንግዳ ሽታ ሲወጣ ማንም በሩን አይክፈት። ሰውን አርቁ፤ ከቻላችሁ ከውጭ ያለውን ቆጣሪ አጥፉ፤ ለእሳት አደጋ ስትደውሉ «የባትሪ እሳት ነው» ብላችሁ ተናገሩ።

ወገኖች! «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። በጎጆ እሳት ጊዜ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ፣ ውሃ ተቀባብሎ ያጠፋ ይሆናል። የባትሪ እሳት ግን አንዴ ከሴል ወደ ሴል መቀባበል ከጀመረ ቅጠሉም ባልዲውም አይደርስለትም። ቅጠላችን ዛሬ ነው፤ ቅጠላችን ድምፃችን ነው። የሦስት ወር መዋጮ በላባችን እንሞላዋለን። አዳራሹን፣ ሱቆቹንና ሕፃናቱን ግን በምን እንሞላቸዋለን?

በጉባኤው ዕለት አንድም ሰው እንዳይቀር። ሐሳባችንን የሚቃወም ካለም ይምጣና በግልጽ ይናገር፤ በየቡና ቤቱ ማማት ግን ይብቃ።

ተራርቆ የተቀመጠ ባትሪ ብርሃን ነው፤ ታጭቆ የተቀመጠ እሳት ነው!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ጸሐፊው