አንድ መጽሐፍ ለቤተ ሰብ ሁሉ

ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ ሃሪ ፖተር ስለሚባል ልጅ 7 የልብ ወለድ መጻሕፍት ጽፋለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አራተኛው በ2000 ዓ.ም. ታተመ፤ አምስተኛው ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ አልወጣም። ስለዚህ ልጆች 3 ዓመት ያህል በናፍቆት ጠበቁ። በወጣበትም ሌሊት ብዙዎች ከወላጆቻቸው ጋራ በመጻሕፍት መሸጫ ደጅ ተሰልፈው እኩለ ሌሊትን ይጠባበቁ ነበር።

ነገር ግን መጽሐፉ አንድ፥ ልጆቹ ሦስት በሆኑበት ቤት አስቀድሞ ሊያነብ የሚገባው ማን ነው? ታላቁ «ለእኔ ይገባል» ቢል ታናሹ ያዝናል። ደግሞም ታላቁ ፈጥኖ ጨርሶ መጨረሻውን ቢናገር የታናሹን ደስታ ሰረቀ ማለት ነው። ገንዘብ ቢሰረቅ ይመለሳል፤ እንዲህ ያለው ደስታ ግን አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው በየማታው አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌሎቹ መስማታቸው ነው። ያን ጊዜ ሁሉም አብረው ይሥቃሉ፤ አብረውም ይፈራሉ። ታናሹ ያልገባውን ቃል ይጠይቃል። አባትና እናትም ስለ አስማት የተነገረው ለጨዋታ የተፈጠረ እንጂ እውነት እንዳይደለ ያስረዳሉ።

እርግጥ ነው፥ 766 ገጽ ያለው መጽሐፍ እንዲህ ሲነበብ ቶሎ አያልቅም። ነገር ግን 3 ዓመት የታገሠ ልጅ ጥቂት ሳምንት መታገሥ አያቅተውም። እንጀራ ሲካፈሉት ያንሳል፤ መልካም ታሪክ ግን ሲካፈሉት ይበዛል።