ኢንሹራንስ የሌለው ለምን ይበልጥ ይክፈል?

አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ ሳይኖረው ደሙን የተመረመረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ብዙዎቻችን እናውቃለን። ክሊኒኩ የሐኪሙን ሂሳብ እጅ በእጅ ይቀበላል። ሁለት ሦስት ብልቃጥ ደም ይቀዳለታል። ሰውየው "ተገላገልኩ" ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከሳምንታት በኋላ ስሙን እንኳ ሰምቶት ከማያውቅ ላብራቶሪ ፖስታ ይደርሰዋል፤ ሲከፍተው የተጠየቀው ሂሳብ ለሐኪሙ ከከፈለው ይበልጣል።

ይህ ዋጋ ከየት መጣ? ላብራቶሪው የራሱ የዋጋ ዝርዝር አለው። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ግን ተደራድረው አስቀንሰዋል፤ በዝርዝሩ አይከፍሉም። መንግሥትም በሜዲኬር በኩል ለአረጋውያን የሚከፍለው ራሱ ባወጣው ተመን ነው፤ ሲቢሲ ለሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ 8 ዶላር የማይሞላ፣ ለሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ 10 ዶላር ገደማ፣ ለኮሌስትሮል 13 ዶላር ከምናምን፣ ለታይሮይዱ ቲኤስኤች 17 ዶላር ገደማ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። እሱን እንዳለ ክፈል የሚባለው የሚደራደርለት የሌለው ሰው ነው። ማሽኑ ያው፣ ባለሙያው ያው፣ ውጤቱም ያው!

ላብራቶሪዎች "ደውሎ ለጠየቀን እንቀንሳለን" ይላሉ። እውነት ነው፣ ይቀንሳሉ። ግን ደውሎ የሚከራከረው ማነው? እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው እናት? ሌሊቱን ሲነዳ ያደረው ሹፌር? (የስልኩን ሙዚቃ እየሰሙ መጠበቅ ቋንቋውን የሚያውቀውንም ያስመርራል።) ያልደወለው ሰው ቢል ኮሌክሽን፣ ማለትም ዕዳ ሰብሳቢዎች እጅ ይገባል። ደግሞስ መቀነስ ከተቻለ መጀመሪያውኑ ለምን ተቆለለ?

ሕግ ጨርሶ የለም አይባልም። ከ2022 ጀምሮ ኢንሹራንስ የሌለው ታካሚ የዋጋ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይችላል። ግምቱ ራሱ የተጋነነ ከሆነ ግን ይህ ምን ይፈይዳል? ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎችም የእርዳታ መመዘኛቸውን ያሟላውን ችግረኛ ኢንሹራንስ ካለው አብልጠው እንዳያስከፍሉ ተከልክለዋል። ክልከላው የግል ላብራቶሪውን አይነካውም።

ለዋጋ ጣራ ማበጀት አይቻልም የሚል ሰው ሜሪላንድን ይመልከት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሆስፒታሎቹን ተመን የሚያወጣው የግዛቱ ኮሚሽን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆስፒታል ገብቶ ደሙን የሰጠ ሰው ኢንሹራንስ ኖረውም አልኖረውም የሚሰላለት በዚያው ተመን ነው። ፖቶማክን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ሲደርስ ይህ ከለላ የለም። በአንድ ወንዝ ልዩነት! እርግጥ የሜሪላንዱም ተመን ከሆስፒታል ውጭ ላሉ ላብራቶሪዎች አይሠራም፤ ጉድለቱ እዚያ ላይ ነው።

እኔ የምደግፈው ኢንሹራንስ የሌለው የሚጠየቀው ዋጋ ከሜዲኬር ተመን ጋር በሕግ እንዲታሰር ነው። የሜዲኬሩ ክፍያ ወጪያችንን አይሸፍንም ካሉ ጭማሪ ይፈቀድላቸው፤ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን አልከራከርም። አሥር እጥፍ ግን ዘረፋ ነው።

ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ደም ከመቀዳታችሁ በፊት ናሙናው የትኛው ላብራቶሪ እንደሚላክ ጠይቁ፤ ሐኪሙ የሚሰጣችሁ ግምት የላብራቶሪውን ሂሳብ ላይጨምር ስለሚችል የዋጋ ግምቱን ከላብራቶሪው በጽሑፍ ተቀበሉ። ቢሉ ከመጣም የእያንዳንዱን ምርመራ ዋጋ ለይተው እንዲልኩላችሁ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።