መጨረሻ ለሚወጣውም ቦታ ያለው ውድድር

የብስክሌት ውድድር መጀመር ፈልጎ ከየት እንደሚነሳ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከሳይክሎክሮስ ጀምር። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ግራ ይጋባል። በእኛ ዘንድ የብስክሌት ውድድር ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው ቱር ደ ፍራንስ ነው፤ በአስፋልት ላይ እንደ ንብ መንጋ ተያይዘው የሚከንፉት ብስክሌተኞች። እኔ የምመክረው ግን ሣርና ጭቃ፣ አሸዋና ዳገት፣ አንዳንዴም ደረጃ ያለበትን፣ ሰው ብስክሌቱን ተሸክሞ የሚሮጥበትን ውድድር ነው።

ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። በዓለም አቀፍ ደረጃ አንዱ ዙር ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መንገዱ በገመድና በካስማ የታጠረ ነው፤ በመናፈሻ፣ በእርሻ ወይም በጫካ ውስጥ ይጠማዘዛል። በየዙሩ መሰናክል አለ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ቁመታቸው ከ40 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በ4 ሜትር ርቀት የተተከሉ ሁለት ሳንቃዎች ናቸው። እዚያ የደረሰ ተወዳዳሪ ፍጥነቱን ሳይገታ ይወርዳል፣ ብስክሌቱን ያነሳል፣ ሳንቃዎቹን በሩጫ ያልፍና ተመልሶ ኮርቻው ላይ ይወጣል። ዳገቱ ቀጥ ሲል ደግሞ ብስክሌቱ ትከሻ ላይ ይውላል። የዓለም ምርጥ ወንዶች ውድድር አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የጀማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ያልቃል።

አሁን ወደ ምክንያቴ ልግባ። በጎዳና ላይ ውድድር ጀማሪ የሚፈተነው ገና በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ነው። ከቡድኑ ጋር መሄድ ከቻለ ቻለ፤ አንዴ ከተቆረጠ ነፋሱን ብቻውን እየገፋ፣ ከፊቱም ከኋላውም ሰው ሳያይ፣ ከረጅም ሰዓት በኋላ ሜዳው ሁሉ ከተበተነ ይደርሳል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ሁለተኛ አይመለስም። በሳይክሎክሮስ ግን ዙሩ አጭር ስለሆነ፣ ፍጥነቱንም ጭቃውና ኩርባው ስለሚቀንሱት፣ ተወዳዳሪው በመንገዱ ሁሉ ተበትኖ ይገኛል። 60ኛ ያለው ሰው 59ኛውን ያየዋል። በኩርባው ላይ ይቀርበዋል፣ በሳንቃው ላይ ይቀድመዋል፣ በአሸዋው ላይ ይቀደማል። መሪው እሱን ደርቦት ቢያልፍም የእሱ ትግል አያበቃም። በታላላቆቹ ውድድሮች ሊደረብ የተቃረበ ሰው ከሜዳ እንዲወጣ ይደረጋል፤ በአካባቢ ውድድሮች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲቀጥል ይፈቀድለታል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ ያደግነው ሩጫ ማለት ወርቅ ማምጣት በሆነበት አገር ነው። ጃንሜዳ ላይ የአገር አቋራጭ ሩጫ ሲካሄድ የምናየው የወደፊት ጀግና ይወጣ እንደሆነ ነው፤ ተራው ሰው ራሱ ሊሮጥ ይችላል የሚል ሐሳብ ዘግይቶ ነው የመጣው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ2001 በ10,000 ሰው ሲጀመር ያን ያህል የተወደደው፣ ሕዝቡ ከተመልካችነት ወደ ተሳታፊነት የሚሸጋገርበትን በር ለዓመታት ሲጠብቅ ስለነበረ ይመስለኛል። ሳይክሎክሮስም ለብስክሌት ያን የመሰለ በር ነው።

የአገር አቋራጭ ሩጫን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ ከ2002 እስከ 2006 ለአምስት ተከታታይ ዓመታት አጭሩንም ረጅሙንም የዓለም አገር አቋራጭ ሲያሸንፍ ያየ ሰው የሳይክሎክሮስን ውበት ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። በ2008 ኤዲንብራ ላይ ጫማው ሲወልቅበት ቆሞ አስተካክሎ፣ ከኋላ ተነስቶ አሸነፈ። ሳይክሎክሮስም እንዲህ ነው። ካቴና ይወልቃል፣ ጎማ ይተነፍሳል፣ ሰው በጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ ውድድሩ ግን አላለቀም። በየዙሩ ብስክሌት የሚቀየርበት ቦታ አለ፤ ጓደኛ ያለው ንጹሕ ብስክሌት ተቀብሎ ይቀጥላል። ኢትዮጵያዊ ስለሆንን በዚህ ስፖርት እንነግሣለን ማለቴ አይደለም፤ በአሸዋ ላይ ብስክሌትን ቀጥ አድርጎ መንዳት በእግር ብርታት ብቻ የማይገኝ፣ ዓመታት የሚወስድ ችሎታ ነው። ሆኖም ብስክሌት ከሯጭ እግር ጋር እንዲህ የሚገናኝበት ሌላ ውድድር አላውቅም።

የስፖርቱ አጀማመርም እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳንኤል ጉሶ የሚባል ፈረንሳዊ ወታደር የመጀመሪያውን የፈረንሳይ የሳይክሎክሮስ ሻምፒዮና አዘጋጀ። ኦክታቭ ላፒዝ በ1910 ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ በቀዝቃዛዎቹ ወራት በሜዳና በጫካ ያደረገውን ልምምድ ለድሉ አንድ ምክንያት አድርጎ ቆጠረው፤ ከዚያ በኋላ ስፖርቱ ከፈረንሳይ አልፎ ወደ ጎረቤት አገሮች ተስፋፋ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1950 ፓሪስ ላይ ሲካሄድ ያሸነፈው ዣን ሮቢክ ከሦስት ዓመት በፊት ቱር ደ ፍራንስን የወሰደው ሰው ነበር።

ልቡ ግን ዛሬ ያለው ቤልጅግ ነው፤ በተለይ ፍላንደርስ። እዚያ ሰው በታኅሣሥ ብርድ ትኬት ቆርጦ በጭቃ ውስጥ ቆሞ ያያል። በሰሜን ባሕር ዳርቻ የኮክሳይደ የአሸዋ ክምሮች አሉ፤ በናሙር ምሽጉ ያለበት ኮረብታ አለ፤ ኅዳር ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ኮፐንበርግ ላይ የሚደረገው ውድድር አለ። በ2012 የዓለም ሻምፒዮና ኮክሳይደ ላይ ሲደረግ በወንዶች ከ1ኛ እስከ 7ኛ የወጡት ሁሉም ቤልጅጎች ነበሩ። የቤልጅጉ ኤሪክ ደ ቭላሚንክ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ 7 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ያንን ቁጥር ለመድረስ እስከ 2025 መጠበቅ ግድ ሆነ፤ የደረሰበትም ሆላንዳዊው ማቲዩ ቫንደርፑል ነው። አባቱ አድሪ በ1996 የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ የእናቱ አባት ደግሞ ፈረንሳዮች ሁሉ የሚወዱት ብስክሌተኛ ሬይሞን ፑሊዶር ነው። ማቲዩ ከቤልጅጉ ዋውት ቫን አርት ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ የተፋለሙት እዚሁ ጭቃ ላይ ነው፤ ሁለቱም በጎዳና ላይ ውድድር ዓለም ያወቃቸው በኋላ ነው።

እነዚህን ስሞች የጠራሁት ጀማሪን ለማስፈራራት አይደለም። በዚህ ስፖርት በጣም የምወደው ነገር ጀማሪውና ሻምፒዮኑ አንድ ሜዳ ላይ መገናኘታቸው ነው። እዚህ በአሜሪካ በአብዛኞቹ የአካባቢ ውድድሮች ጀማሪዎች ጠዋት ይወዳደራሉ፤ ባለሙያዎቹ ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭቃ፣ በእነዚያው ሳንቃዎች ላይ ይመጣሉ። ጠዋት እኔ ብስክሌቴን እየጎተትሁ የወጣሁትን ዳገት ባለሙያዋ ከሰዓት በኋላ ኮርቻዋ ላይ እንደተቀመጠች ስትወጣው አይቻለሁ፤ የቱ ጋ ፍሬን እንደለቀቀች፣ የቱን መስመር እንደመረጠች ቆሜ ተመልክቻለሁ። አንድ የኳስ አፍቃሪ ጠዋት ዌምብሌይ ላይ ተጫውቶ ከሰዓት በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ የዋንጫ ጨዋታ ሊያይ አይችልም። በሳይክሎክሮስ ይህ ተራ ነገር ነው። ትምህርቱም ያለ ክፍያ ነው፤ አጥሩ አጠገብ መቆም ብቻ ይበቃል።

ለዋሽንግተንና ለአካባቢዋ ሰው ሩቅ አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ ጎዳና ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ ከፔትወርዝ አጠገብ፣ ጡረታ የወጡ ወታደሮች መኖሪያ የሆነ ሰፊ ግቢ አለ። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የበጋውን ሙቀት ሸሽቶ የሚቀመጥበት ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ስለ ባሮች ነፃነት አዋጅ ያሰበውና የሠራውም በእነዚያ ወራት ነው። ባለፉት ዓመታት በመጸው ወራት ዲሲ ሲኤክስ የተባለው ውድድር የተካሄደው በዚሁ ግቢ ሣር ላይ ነው። ብዙዎቻችን በየቀኑ ታክሲ እየነዳን፣ ወደ ሆስፒታል ፈረቃ እየሄድን በአጥሩ አጠገብ እናልፋለን። ውስጡ ግን የእኛን ሰው የማየው ከስንት አንዴ ነው።

ስለ ፈረቃ ካነሳሁ አይቀር፣ ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የጎዳና ላይ ብስክሌት ጊዜ ይበላል። ለረጅም ውድድር የሚዘጋጅ ሰው ቅዳሜና እሑድ ሦስትና አራት ሰዓት መንዳት አለበት። ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት፣ የሌሊት ፈረቃ ያላት እናት ይህን ከየት ያመጡታል? የሳይክሎክሮስ ልምምድ ግን በሠፈር መናፈሻ ውስጥ 45 ደቂቃ ይበቃዋል፦ መውረድና መውጣት መለማመድ፣ በሣር ላይ ጠባብ ኩርባ መዞር፣ ጥቂት ዳገት በሩጫ መውጣት። መኪና የለም፤ ከመኪና ፍርሃት ነፃ የሆነ ብስክሌት መንዳት በዚህ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። መውደቅ አለ፣ አልደብቅም። ነገር ግን በዝግታ፣ ሣርና ጭቃ ላይ ነው የሚወደቀው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመላላጥና በልብስ እጥበት ያልፋል።

ወጪውን በተመለከተ የሚሰማው ቅሬታ ግማሹ እውነት ነው። ለሳይክሎክሮስ ተብሎ የተሠራ ብስክሌት ውድ ነው፤ ባለሙያዎቹ ደግሞ ለአንድ ውድድር ከአንድ በላይ ይዘው ይመጣሉ፣ መካኒኩም በየዙሩ አንዱን እያጠበ ይጠብቃል። ጀማሪ ይህን አይቶ መሸሽ የለበትም። በጀማሪዎች ምድብ ብዙ ቦታ የተራራ ብስክሌት ይፈቀዳል፤ ጋራዥ ውስጥ አቧራ የጠጣ ብስክሌት ካለ ፍሬኑንና ካቴናውን አስፈትሹ፣ ይበቃል። የጎማ ስፋት ከ33 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የሚለው ደንብ ለዓለም አቀፍ ተወዳዳሪዎች ነው። የውኃ መያዣውን ፍቱት፤ ብስክሌቱን ትከሻ ላይ ስታደርጉት ያስቸግራል፣ በ30 ደቂቃ ውስጥም ውኃ መጠጣት ግድ አይደለም። የጎማውን አየር ከወትሮው ቀንሱ፤ በጭቃ ላይ የሚይዘው ለስለስ ያለ ጎማ ነው። ቀደም ብላችሁ ድረሱና ዙሩን አንድ ሁለት ጊዜ ንዱት። ሲጀመር ከኋላ ቁሙ፤ መጀመሪያው ኩርባ ላይ ያለውን ግፊያ ሌላው ይጋፋ።

ለሴቶች ልጆቻችን ለብቻው የምለው አለኝ። ወንዶች በ1950 የዓለም ሻምፒዮና ሲያገኙ ሴቶች እስከ 2000 ጠብቀዋል፤ የመጀመሪያዋ አሸናፊ ጀርመናዊቷ ሃንካ ኩፕፈርናግል ናት። ለታዳጊ ሴቶች የራሳቸው የዓለም ሻምፒዮና የተሰጣቸው ደግሞ በ2020 ነው። ይህ የሚያሳፍር መዘግየት ነው፤ ስፖርቱን ብወደውም ለዚህ ምንም ሰበብ አላቀርብለትም። ሆላንዳዊቷ ማሪያን ቮስ ግን በዚያ በጠበበ ዕድል ውስጥ ሆና 8 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ የመጀመሪያውን በ2006፣ ስምንተኛውን በ2022። ዛሬ በአካባቢ ውድድሮች ላይ ለትንንሽ ልጆች የሚዘጋጅ አጭር ውድድር ብዙ ጊዜ ይኖራል። ሴት ልጁን ለኳስ ልምምድ በየሳምንቱ የሚያመላልስ ወላጅ አንድ እሑድ ጭቃ ላይ ቢያሳልፍላት ደስታዋን ያየዋል።

ተመልካቹንም ሳላነሳ አላልፍም። ሰው በአጥሩ ዳር ተደርድሮ የከብት ቃጭል እያንቃጨለ ይጮኻል። መሪዋ ስታልፍ ይጮኻል፤ ፊቱ ጭቃ ለብሶ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ፣ ብስክሌቱን የሚገፋው የመጨረሻው ሰው ሲያልፍ ግን ጩኸቱ ይበልጣል። እኔ ይህን ጩኸት ከውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ስሜን የማያውቁ ሰዎች ቁጥሬን እየጠሩ ዳገቱን አስወጥተውኛል። በኑሮዬ በስፖርት ሜዳ ላይ ሰው ጮኾልኝ አያውቅም ነበር።

በአሜሪካ ውድድሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል፤ በአውሮፓ እስከ የካቲት ይሄዳል፣ የዓለም ሻምፒዮናውም የሚደረገው በጥርና በየካቲት መገናኛ ነው። ብራስልስ ወይም አምስተርዳም ያላችሁ አንባቢዎች ከሁላችንም ይልቅ የታደላችሁ ናችሁ፤ በባቡርና በአውቶቡስ የሚደረስበት ቦታ ላይ የዓለም ምርጦችን ታያላችሁ። በዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በዚህ መጸው አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ብስክሌት ካላችሁ መኪናው ላይ ጫኑት፤ የራስ መከላከያ ቆብ አትርሱ፣ ለጀማሪዎች ምድብ ተመዝገቡ።