የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሆድ ዝም ሲል

ይህ እትም ስለ አንጀት ብግነት፣ ማለትም ስለ ክሮንስና አልሰራቲቭ ኮላይተስ በሽታዎች ነው፤ ስለ ሆድ የሚያወራው ግን ጥቂት ነው። ሆን ብለን ነው። በሽታው አንዳንዴ ተቅማጥ ሳይጀምር ጉልበት ያሳብጣል፤ ቅልጥም ላይ ቀይ፣ የሚያም እብጠት ያወጣል፤ ዓይን ያቀላል። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ከሳሪስ ወይም ከጀሞ ተነስቶ መጀመሪያ ወደ አጥንት ሐኪም ቢሄድ ማን ይፈርድበታል?

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በአገራችን የተለመደው የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ክሮንስ ነው ተብሎ ለቲቢ ታማሚ የሚሰጥ ስቴሮይድ ደግሞ ቲቢውን ያባብሳል። ገጽ በገጽ የተከራከርነውም በዚሁ ነው።

ዓይናችሁ ቀልቶ ካመማችሁና ብርሃን ካስቸገራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ታከሙ፤ ሐኪሙ ባይጠይቋችሁም ስለ ሆዳችሁ ንገሯቸው።