ነሐሴ ለስብሰባ አይሆንም

ዕለቱ ነሐሴ 25 ነው። በዋዜማው ተክለ ሃይማኖት ነበር፤ ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ እግዚአብሔር ይውላል። ታቦቱን አክብሮ ለሚያርስ ገበሬ ከፊቱ ያሉት ሙሉ የሥራ ቀናት ሃያ አምስትና ሃያ ስድስት ብቻ ናቸው። ዘጋቢያችን ያን ዕለት የዋለው በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ሦስት ጥማድ መሬት ካለው አንድ ቤተሰብ ዘንድ ነው። በሄክታር ሲሰላ ሦስት አራተኛ ግድም ነው፤ አንዱ ጥማድ ጤፍ፣ አንዱ ስንዴ፣ አንዱ ደግሞ ለሽምብራ የሚለሰልስ ጥቁር አፈር።

ጎህ ሲቀድ እማወራዋ ላሟን አልባ፣ በእርጥብ እንጨት ጭስ ታፍና ለአራሚዎቹ እንጀራ ስትጋግር ነበር። አዝመራው በየወሰኑ ቆሟልና ከብት ለአፍታም አይለቀቅም፤ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ጥበቃው የልጆቹ ነው። ስድስት የወንፈል ሰዎች ወደ ጤፉ ወረዱ። ሐምሌ 20 ግድም የተዘራው ጤፍ ወሩን አልፏል። በዚህ ዕድሜው ከሣር መሰል አረም ለመለየት ዓይን ይፈልጋል፤ ጎንበስ ብሎ በእጅ መንቀል እንጂ አቋራጭ የለውም። እንግጫውና መጩ ካልወጣ ዩሪያ አይበተንም፤ ከተበተነ ቀድሞ የሚበላው አረሙ ነው። ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን የሆነው ዩሪያ ደግሞ እርጥበት ይሻል። ዝናቡ ከወጣ በኋላ በደረቅ አፈር ላይ ቢበተን ከፊሉ ወደ አየር ተኖ ይቀራል። የሽምብራውም መሬት እንዲሁ ነው፤ ውኃው ሳይለቅ ከታረሰ ይጨቀያል፣ ከደረቀ ማረሻ አይገባውም።

ይህ ሁሉ ተደምሮ አባወራው በሬዎቹን ጠምዶ መዋል የነበረበት ቀን ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ግን ለስብሰባ ተጠራ። የተጀመረው በአምስት ሰዓት፣ ያበቃው በስምንት ሰዓት ነው። አጀንዳው አይረባም አንልም። ሲመለስ ግን ዝናቡ ደርሶ ነበር፤ በሬዎቹ ቆመው ዋሉ፤ አራሚዎቹም አንድ ሰው ጎድሏቸው ጥማዱን ሳይጨርሱ ተበተኑ። ወንፈል ደግሞ ብድር ነው። ስድስቱ ሰዎች ተራቸው እስኪዞር እንደገና ወደዚህ ማሳ አይመጡም። የቀረውን ማን ያርመዋል? ልጅ አዝላ እማወራዋ ናት፤ እርሷ ደግሞ ለስብሰባው እንኳ አልተጠራችም።

በዚያው ቀን ማዳበሪያ ሊወስድ የመጣ ጎረቤት መጋዘኑን ተቆልፎ አገኘው። ቁልፉ የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። የልማት ጣቢያው ሠራተኛም እዚያው ቃለ ጉባኤ ይዞ ነበር፤ እርሱ በየማሳው እየዞረ የስንዴውን ቅጠል ማገላበጥ የነበረበት ሳምንት ነው። በ2003 ዓ.ም. መባቻ ቢጫ ዋግ ተዛምቶ ያኔ በስፋት ይዘሩ የነበሩትን ኩብሳና ገላማን የመሳሰሉ ዝርያዎች ክፉኛ ጎድቷል። ዋግ ቀድሞ ከታየ በርጭት ይገታል፤ ዘግይቶ ከታየ ግን የተረጨው መድኃኒት ወጪ ብቻ ነው።

የአገራችን የእህል ምርት ከዘጠና በመቶ በላዩ የሚገኘው ከመኸር ነው። የመኸሩ ውጤት ደግሞ በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ይወሰናል። ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎች ሊያደርጉት የሚገባው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚያስቸኩል ጉዳይ ካለ በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በአንድ ቦታ ይገኛልና ያኔ ይነገር። (በዓላቱ በዙ የሚለው የባለሙያዎች ቅሬታ ሌላ ክርክር ነው፤ እስካሉ ድረስ ግን ይጠቅሙን።) የሚያድረው ስልጠና ውቂያው ካለቀ በኋላ፣ ከየካቲት ወዲህ ይሁን። መጋዘን ጠባቂው በሌለበት ቁልፉን የሚረከብ ተተኪ ይመደብ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እስከ መስከረም አጋማሽ ከማሳ ውጪ በሌላ ሥራ አይጠመድ። እማወራዎችም ውሳኔ በሚሰጥበት ሁሉ በስማቸው ይጠሩ፤ የማረሙን ሥራ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ማታ ዝናቡ ሲያባራ የጤፉ ማሳ ገሚሱ እንዳልታረመ ነበር። ሃያ ስድስት አንድ ቀን ነው፤ ወይ ጤፉ ይታረማል፣ ወይ የሽምብራው መሬት ይታረሳል። አባወራው ገና አልወሰነም ነበር።