ተጠባባቂው ማጉያ በመጋዘን ወይስ በአንቴናው ሥር?

ብልህ ነጋዴ ስኮርታ ጎማ ሳይጭን ሩቅ መንገድ እንደማይወጣ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ጥንቁቅ ሰው ገንዘቡን የሚያዛውርበት፣ የዕቃውን ሰነድ የሚልክበትና የገበያ ዋጋ የሚጠይቅበት የሳተላይት መገናኛ በአንድ ማጉያ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ሲኖር ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም።

ከምድር ጋር እኩል እየዞረ ለንግድ መገናኛ ያገለገለው የመጀመሪያው ሳተላይት «ኧርሊ በርድ» ወደ ሰማይ የተላከው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። ዛሬ የፋይበር መስመር በማይደርስበት ሥፍራ፣ ወይም የደረሰው መስመር በተቆረጠ ጊዜ፣ የባንክ ቅርንጫፍም ሆነ የንግድ ወኪል የሚተማመነው በዚሁ መንገድ ነው። መልእክቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ መጓዝ ስላለበት፣ ከመነሣቱ በፊት ኀይሉን የሚያበረታ ማጉያ ያስፈልገዋል።

ይህ ማጉያ ከቤት ውጭ፣ በአንቴናው አጠገብ የሚተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤት ውስጥ ቢቀመጥ ረጅሙ መስመር ኀይሉን ይበላዋል፤ መስመሩ 3 ዴሲቤል ካባከነ ከ400 ዋት ውስጥ ለአንቴናው የሚደርሰው 200 ዋት ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ውጭ የዋለ መሣሪያ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ አቧራና መብረቅ ይፈራረቁበታል።

ስለዚህ ሁለት ማጉያዎች ጎን ለጎን ይተከላሉ። አንደኛው ሲሠራ ሁለተኛው በርቶ ይጠብቃል፤ ኀይሉም ወደ ሰማይ በመሄድ ፈንታ በተለየ ማስቀሪያ ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል። ሠራተኛው ማጉያ ሲታወክ መቆጣጠሪያው ማዞሪያውን ያዞርና ተጠባባቂው ወዲያው ይተካዋል።

«ሁለተኛውን ገዝቶ በመጋዘን ማስቀመጥ አይበቃምን?» የሚሉ አሉ። ወጪን መቆጠብ የሚነቀፍ አይደለም፤ ግንኙነቱ ለአንድ ቀን ቢቋረጥ እምብዛም የማይጎዳ ድርጅትም ይህ ይበቃው ይሆናል። ዳሩ ግን በክረምት መንገድ ባለሙያው እስኪደርስ ክፍያው ይዘገያል፤ ዕቃውም በወደብ ሆኖ ኪራይ ይቆጥራል። የሁለተኛው ማጉያ ዋጋ መመዘን ያለበት ከዚህ ኪሳራ ጋር ነው።

መትከሉ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ሁለቱ ማጉያዎች በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ከተቀጠሉ በአንድነት ይጠፋሉ። የማጉላት ልካቸውም መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ተተኪው ከልክ በላይ አጉልቶ በሳተላይቱ የሚገለገሉትን ሌሎች ያውካል። መጋጠሚያዎቹ ውኃ እንዳያስገቡ በሚገባ ይታሸጉ፤ ማዞሪያውም ሥራ በሚቀንስበት ሰዓት በየጊዜው ይፈተን። ሁለት ማጉያ መኖሩ ብርቱ ዝናብ የሚያደርሰውን የሞገድ መድከም እንደማያስቀርም መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ መሣሪያውን የሚያስመጣ ነጋዴ ማጉያዎቹን የተጣጣሙ ጥንዶች አድርጎ ከነማዞሪያቸው ማቅረብ ይገባዋል። አገልግሎቱን የሚገዛውም ተጠባባቂው በአንቴናው ሥር መተከሉን በውሉ ላይ ያስጽፍ፤ ሲፈተንም በዐይኑ ይይ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለወጥ ቤት ብቻ አይደለም።