ጥበብ ማዋዣ አይደለም

በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለአንድ ጉዳይ ገንዘብ ለማሰባሰብ አዳራሽ ሲከራዩ የፕሮግራሙ ቅደም ተከተል አስቀድሞ የታወቀ ነው። የክብር እንግዳው ይናገራል፤ ኮሚቴው ሪፖርት ያቀርባል፤ ጨረታው ይከፈታል። በሪፖርቱና በጨረታው መካከል መድረክ መሪው «እስቲ ትንሽ ዘና እንበል» ይልና ገጣሚውን ይጋብዛል። የተሰጠው ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው። ለአዳራሹ፣ ለምግቡ፣ ለድምፅ መሣሪያው ተከፍሏል። ገጣሚው ግን «ለወገን ሲል» በነጻ መጥቷል። ግጥሙ እየተነበበ የእንጀራ ሳህን በየጠረጴዛው ይዞራል።

ይህን የጨዋነት ጉድለት ብቻ አድርገው የሚያዩት አሉ። ነገሩ ከዚያ ይከብዳል። ማኅበረሰቡ ስለ ጥበብ ያለው እምነት በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በግልጽ ሰፍሯል፦ ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ጥበብ ማዋዣው ነው።

የጥበብ ወዳጆች ለዚህ ንቀት የሚሰጡት መልስ ደግሞ ሕመሙን ያብሰዋል። ጥበብ የሀገር ገጽታ ይገነባል፣ ቱሪስት ይስባል፣ ወጣቱን ከሱስ ይጠብቃል፣ ሕዝብን ያቀራርባል ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ክርክሩ ግን ጥበብን ከንቀት አውጥቶ ሎሌነት ያስቀጥረዋል፤ ሎሌ ደግሞ ጌታው ያላዘዘውን የተናገረ ቀን ይባረራል። ሳንሱርም የሚነሳው ከዚሁ እምነት ነው። ሳንሱር ጥበብን አይንቅም፤ ጠቃሚነቱን ከማንም በላይ ያምናል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ለማን ይጠቅማል?»

በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲከፍት በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ነበር። ወደ አስመራ የሄደውም ለዘመቻው ቅስቀሳ ነው። መንግሥት ከብዕሩ የሚጠብቀው ጥቅም ግልጽ ነበር። ከዚያ ቆይታ የተወለደው ግን በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» ነው። የልብ ወለዱ ባለታሪክ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም እንደ ደራሲው ሁሉ ለቅስቀሳ ወደ አስመራ ይላካል፤ እዚያም ፊያሜታን ያፈቅራል፤ ናቅፋን ለመያዝ የተደረገውን ውጊያ ከነክሽፈቱ ያያል። መጽሐፉ ለገበያ ከዋለ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ታገደ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

የዘመቻውን መግለጫዎች ዛሬ ከታሪክ ተመራማሪ በቀር የሚፈልጋቸው የለም። «ኦሮማይ» ግን በድብቅ ተነበበ፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደገና ታተመ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ። መግለጫው ሙታንን «ጠላት» እና «ጀግናው ሠራዊት» ብሎ በጅምላ ይቆጥራል። ልብ ወለዱ ግን ከሟቾቹ አንዱ ማንን ይወድ እንደነበር፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ በምን እንደሚስቅ ይናገራል። እንዲህ የታወቀን ሰው መልሶ ቁጥር ማድረግ አይቻልም። ገዢዎቹን ያስፈራቸውም ይኸው ነው።

«ሕዝብ እየተራበና እየሞተ የምን ግጥም ነው?» የሚሉ ወገኖች ቁጣቸው ከቅንነት ሊመነጭ ይችላል። ነገር ግን ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ የምታንጎራጉረው ሴት መጀመሪያ እስክትጠግብ አልጠበቀችም። ለቅሶ ቤት አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ሙሾ ሟችን አያስነሳም፤ ዕዳውንም አይከፍልም። ሟቹ ግን እንዲሁ «አንድ ሰው» ተብሎ አፈር እንዳይገባ ያደርጋል፤ አረማመዱን፣ ለጋስነቱን፣ ትቷቸው የሄደውን ልጆች እየጠራ ይሸኘዋል። ይህን ቅንጦት ብሎ የሰየመው የተራበው ሰው ሳይሆን ስለ ተራበው የሚናገርለት ነው።

በቤይሩትና በሪያድ የሚሞቱ የቤት ሠራተኞች ዜና የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ነው። አስከሬን ወደ ሀገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ይዋጣል፤ ይህ የተቀደሰ ተግባር ነው። ይሁንና ሟቿ ማን እንደነበረች፣ ማታ ማታ ምን ታስብ እንደነበር የሚጽፍላት ካልተገኘ፣ ከሣጥኑ ጋር የሚደርሰው ስምና የፓስፖርት ቁጥር ብቻ ይሆናል።

በጥበብ ላይ የሚደርሰው ሌላው በደል ሥራው ሳይታይ የባለቤቱ ማንነት መጣራቱ ነው። ይህም አዲስ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ በ1950ዎቹ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ «ኢትዮጵያዊነት የላቸውም» ተብሎ ተወቅሷል። በስደት እያለ በ1973 ዓ.ም. በኦክላሆማ አረፈ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

በውጭ ሀገር የሚኖር አንባቢ የሚከለክለው ሳንሱር የለም። ሆኖም አዲስ ልብ ወለድ ሲወጣ የመጀመሪያው ገጽ ሳይገለጥ የደራሲው ስም እስከ አያቱ ድረስ ይመረመራል። የየትኛው ወገን እንደሆነ ከተገመተ ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ማንበብ አያስፈልግም። የጥንቱ የሳንሱር ሠራተኛ ቢያንስ መጽሐፉን ያነብ ነበር።

«ወገን እያለቀ ገለልተኛ መሆን ወንጀል ነው» የሚል ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም። «ኦሮማይ» ገለልተኛ አልነበረም፤ ገለልተኛ ቢሆን ኖሮ ደራሲው ባልጠፋ። የቆመው ግን ለሁለቱም ጦር መግለጫ የማይመች ቦታ ላይ፣ በእሳቱ መካከል ካለው ሰው ጎን ነው። ያን ቦታ የሚጠብቅ ሌላ ተቋም የለም። ፓርቲ ደጋፊውን፣ ኮሚቴ አባሉን ይጠብቃል።

ስለዚህ ጥበብን አከብራለሁ የሚል ማኅበረሰብ አክብሮቱን በሚታይ ነገር ይግለጽ። ለምግቡ የሚከፍል ኮሚቴ ለገጣሚውም ይክፈል። የማስታወቂያ ፎቶ የሚነሳበትን መጽሐፍ ይግዛ፤ ከገዛም ያንብብ። ሐያሲውም «ደራሲው ከማን ወገን ነው?» ከማለቱ በፊት «ዐረፍተ ነገሩ እውነት ይናገራል ወይ?» ይበል። ግጥሙ ሲጀመር ደግሞ ሳህኑ ለአምስት ደቂቃ ይቀመጥ።